ሙጬ እንጂ ሙጫ አይደለም

የእንጅባራው እድራችን ጸሐፊ ወይዘሮ ሙጬ ደሴ በጥቂት ቀን ሕመም ከእኛ ተለይተው፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በተወለዱበት ቀበሌ አርፈዋል። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን ስማቸውን በትክክል ለመጻፍ ነው።

የተዋወቅነው እኔ ዳንግላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እሳቸው በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ስቀጠር ነው። ታይፕ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን ሳያዩ፣ ከባለጉዳይ ጋር በአገውኛ እየተጫወቱ፣ የአማርኛውን ደብዳቤ ይመቱ ነበር። በስም ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወረቀቱን አውጥተው እንደ ገና ይጀምራሉ። «ሰው ስሙ ተበላሽቶ ከዚህ ቢሮ አይወጣም» ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ስልክ ገዛችላቸው። ጠቡ ያን ቀን ተጀመረ። «አዊ» ብለው ሲጽፉ ስልኩ «አዎ» ያደርገዋል። «የአዎ ዞን ነዋሪ ሆንሁልሽ፤ ሳልጠየቅ እሺ ባይ!» አሉኝ። የባሰው ግን የራሳቸው ስም ነው። እድሩ በቴሌግራም መነጋገር የጀመረ ዕለት የመጀመሪያ መልእክታቸው እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ «እንደምን ዋላችሁ፤ እኔ ሙጫ ነኝ።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ፈንታሁን ጊዜ አላጠፉም። «ምን ሊያጣብቁ መጡ?» ብለው ጻፉ።

«የእርስዎን አፍ!» አሉ ወይዘሮ ሙጬ። ይህችን ስልኩ ሳይነካት አለፈች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሲተራረቡ እኛ እናነባለን። ወይዘሮ ሙጬ ስልኩን «አማቴ» ብለው ሰየሙት። «የጽሕፈት መኪና የመታሽውን ይጽፋል፤ ስሕተቱም የራስሽ ነው። አማቴ ግን ተናግሬ ሳልጨርስ ታርመኛለች» ይሉ ነበር።

ይሁን እንጂ በገበያ ቀን ከዚችው አማት ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ከግምጃ ቤት ከተማ በኩል የሚመጡ እናቶች ራቅ ላሉ ልጆቻቸው የሚሉትን በአገውኛ ይነግሯቸዋል። እሳቸው ይጽፋሉ፤ ስልኩ ቃሉን ወደ አማርኛ ያጣምመዋል፤ እሳቸው መልሰው ያቃናሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት መቀመጡ ሰለቻትና «ይተዉት እቴ፤ ይገባዋል» አለቻቸው። እኔም «ድምፅ ቢላክለት አይሻልም?» አልሁ።

«ድምፁንማ ትደውልለታለች። ጽሑፍ ግን ሰው መሐል ሆኖም ይነበባል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ደግሞ ልጁ የእናቱን ቃል ያንብብ እንጂ የአማቴን አይደለም።» ቃሉ እስኪቃና አልተነሡም።

የእድሩን መርዶ የሚጽፉትም እሳቸው ነበሩ። ከመላካቸው በፊት የሟቹን ስም ጮክ ብለው፣ ፊደል በፊደል ያነቡታል። ባለፈው ክረምት ዐይናቸው ሲደክም ሥራውን ለእኔ አስረከቡኝ። «የእኔንም ቀን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። አደራ አንጓች፣ ሙጫ ብለሽ እንዳትቀብሪኝ» አሉ እየሣቁ። እሺ አልኋቸው። እኔ በአደራ የምቀልድ ሰው አይደለሁም።

ቀኑ ደረሰ። ስማቸውን ጻፍሁ፤ ስልኩ ሙጫ አለው። አረምሁት፤ መልሶ ሙጫ አለው። አረምሁት። እሳቸው ያደርጉ እንደነበረው ስሙን ጮክ ብዬ አነበብሁና ላክሁት። የመጨረሻውን መስመር ያየሁት ከላክሁ በኋላ ነው፦ «የወይዘሮ ሙጫ ቀብር ነገ በስድስት ሰዓት ነው።»

ላጠፋው ስል የአቶ ፈንታሁን መልስ ቀደመኝ። «ወይዘሮ አንጓች፣ እባክዎ አያጥፉት። ዛሬ እውነትም አፌን አጣበቁት» ይላል።

በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ያ መስመር ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ሰው እንባውን እየጠረገ ይሥቅ ነበር። ገና ያልሰማ ሲመጣ «እስቲ አሳዩት» ይባላል፤ ሣቁም እንደ ገና ይነሣል። ለቅሶ ቤት እንደዚያ ሲሣቅ አይቼ አላውቅም። እኔም ሣቅሁ፤ ያያችሁኝ መስክሩ።

እትዬ ሙጬ፣ የአደራዎን ግማሽ በልቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። የቀረውን ግን ጠብቄያለሁ። የመቃብርዎን ድንጋይ ለሚቀርጸው ሰው ስምዎን በብዕር ጽፌ ሰጠሁት፤ ሲቀርጽም አጠገቡ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብሁለት። «ሙ» አልሁት። «ጬ» አልሁት። «ገብቶኛል እናቴ፣ አንዴ ነገሩኝ እኮ» እስኪል ድረስ ደጋገምሁበት። ድንጋይ እንደ ጽሕፈት መኪናዎ ነው፤ የመቱትን ይጽፋል። አማትዎ እዚያ አትደርስም። በስምዎ ይረፉ።