እምቢ በለኝና ልሂድ

ትናንት ጠዋት መርሳ ከተማ ላይ አንዲት እናት የቢሮ ኃላፊ ፊት ቆመው «እምቢ በለኝ» ብለው ሲለምኑ አየሁ። ጠበቃ ነኝ፣ ብዙ ልመና ሰምቻለሁ... እንዲህ ያለውን ግን ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ዘሀራ ይባላሉ፣ የግራና ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሰይድን ባጃጁን እየነዳ ሳለ ነው የጸጥታ ሰዎች ከመንገድ የወሰዱት። ፍርድ ቤት ይፈታ ብሎ ካዘዘ ቆይቷል። ሰይድ ግን አልተፈታም፣ የት እንዳለም የሚነግራቸው የለም።

ጉዳዩን የአፍሪካው የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ጋ እንውሰደው አሉኝ። እኛ በቀጥታ እዚያ እንደማንገባ፣ መንገዳችን በአህጉሩ ኮሚሽን በኩል እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ እንደማይቀበል ነገርኳቸው። መጀመሪያ አገር ውስጥ ያለው በር ሁሉ ተንኳኩቶ ማለቅ አለበት። ስም የሌለው አቤቱታም አይሆንም። «ወላሂ ስሜንማ አድምቀህ ጻፈው» አሉ። ስድብ ካለበት ይጥሉታል ስላቸው ግን ከፋቸው... ብዙ አዘጋጅተው ነበር መሰለኝ።

የቀረችን በር ይህች የጸጥታ ቢሮ ናት። ወይ ትእዛዙን ፈጽሙ፣ ወይ አንፈጽምም በሉን ነው ጥያቄያችን። ኃላፊው ደግሞ ክፉ ቃል አይወጣውም። በሄድን ቁጥር ወንበር ይስባል፣ «አብሽሩ እናቴ፣ እያየነው ነው፣ ነገ ይምጡ» ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ጨዋነቱ ነው። ቢቆጣን ይሻለኝ ነበር!

ትናንትም ወንበር ሳበ። እትዬ ዘሀራ አልተቀመጡም።

«ወንበር አላልኩህም። ወይ ልጄን ስጠኝ፣ ወይ እምቢ በለኝና ልሂድ።»

ሰውየው ግራ ገባው። እምቢ ማለት እንደማይችል፣ ከበላይ መልስ እየጠበቀ እንደሆነ ሲያብራራ ቆየና ዞሮ ዞሮ እዚያችው ነገ ላይ አረፈ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ነገ የሚላት... እዚያ ስንሄድ ምን ተብላ ትታያለች?»

ደሜ ፈልቶ ስለነበር ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ጉዳዩ ያለ አግባብ ከተጓተተ በሩ እንደተዘጋ ሊቆጠርልን እንደሚችል፣ እንዴት እንደተጓተተ ማስረዳት ብቻ እንደሚጠበቅብን ነገርኳቸው።

ኃላፊው ብድግ አለ። እንቀመጥና እንነጋገር እንጂ ማለት ጀመረ። እሳቸው ሻርፓቸውን አስተካከሉ። በቃ፣ ያን ያዘጋጁትን ስድብ ሊያወርዱበት ነው ብዬ ክንዳቸውን ያዝ አደረግሁ።

«አብሽር ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «ነገ አልመጣም።»

ወጣን።

ይኸው ዛሬ አቤቱታውን እየጻፍኩ ነው። ስማቸውን አድምቄዋለሁ። ስድብ የሚባል ነገርም የለበትም... ኃላፊው ራሱ የነገራቸውን ብቻ ነው የጻፍኩት።