ወንዝ ዳር በአፈር ያበስኩት ፊት

የፍየሎቹን ማለቅ የሰማሁት ሰመራ፣ ከቢሯችን ጀርባ ካለው በርሜል ቀድቼ ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት፣ ውዱእ ሳደርግ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር፣ የአፋር ሰው፣ ከሎጊያ ነዳጅ ሞልቶ መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ከሩቅ ነበር የሚጣራው። ያን ዕለት አጠገቤ ቆሞ እግሬን አጥቤ እስክጨርስ ጠበቀ።

«እህቴ፣ የዚያች አዋሽ ዳር ያየናት አሮጊት ፍየሎች አለቁ።»

«ስንቶቹ?»

«አለቁ እኮ ነው የምልሽ። ሆዳቸው ተነፍቶ ወንዙ ዳር ተዘርረዋል። አንዲት ግልገል ተርፋ ነበር፤ እሷም የሞተች እናቷን ስትጠባ ውላ እዚያው ሞተች።»

«ማን ነገረህ?»

«ያየ ሰው።»

እዚህ አገር ይህ ቀላል መልስ አይደለም። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ያላዩትን አየን አይሉም፤ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙ ሳይናገሩ አያልፉም። ከወሎ ለእንጀራ ብዬ ስመጣ ከሁሉ በፊት የወደድኩላቸው ይህንን ነበር። ፍየሎቹን ወደ ወንዙ የመለሰው ዳጉ ግን ከእኔ አፍ የወጣ ነው።

ሥራዬ ፋብሪካዎች ወደ አዋሽ የሚለቁትን ፍሳሽ መመርመር ነው። ከተፈቀደው ካለፈ ይቀጣሉ፣ ካላለፈ ፈርሜ አሳልፋለሁ። ጥንቁቅ ናት ይሉኛል። ጠርሙሱን በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀልቃለሁ። ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ ናሙናው እንዳይሞቅ መልካ ወረር መገንጠያ ላይ አስቁሜ በረዶ እቀይራለሁ። አማና ነው፣ የተጣለብኝ አደራ ነው እላለሁ።

በአሠራራችን ግን ከመኪናው በፊት ደብዳቤ ይሄዳል። «በዚህ ቀን እንመጣለንና ትብብራችሁ አይለየን» ይላል። አዋሽ ከተማ አካባቢ ያለ አንድ ፋብሪካ ከሾፌሩ ጋር ስንደርስ ማጣሪያ ገንዳው ጠርቶ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ኃላፊው የታሸገ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ቅጹ እንደሚያዘው ከገንዳው መውጫ ቀዳሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ለሶላት ወደ ወንዙ ወረድኩ።

የፋብሪካው ዘበኛ ወንዙ ዳር የበቀለውን እሾህ የሚመነጥሩ ሦስት ሠራተኞችን ይቆጣጠራል። እነሱ ከመነጠሩት ስር ሌላ ቱቦ ብቅ ብሏል። ከሱ በታች ውሃው ጠቁሯል፣ ሽታው ያንቃል።

«ይሄስ?» አልኩት ተከትሎኝ የወረደውን ኃላፊ።

«እሱ የዝናብ ውሃ ማፍሰሻ ነው እህት። ቅጽሽ ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ!»

ዝናብ ከጣለ ወራት አልፎታል። እኔ ግን ከቅጽ ወጥቼ አላውቅም።

ሽታው ወይም ቀለሙ በነጃሳ፣ በርኩስ ነገር፣ የተለወጠ ውሃ ለውዱእ እንደማይሆን በልጅነቴ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ወንዙ እግሬ ስር እየፈሰሰ፣ ውሃ እንዳጣ የበረሃ መንገደኛ መዳፌን አፈር ላይ መትቼ ፊቴንና እጄን አበስኩ። ሰገድኩም። አንዲት የአፋር አሮጊት፣ ያቺው ባለ ፍየሎቹ፣ ከሩቅ ቆማ ታየኝ ነበር። ሽታውን ከፈራች ጀምሮ ፍየሎቿን ግማሽ ቀን ወደሚያስኬድ ጉድጓድ ነበር የምትነዳው። ቀረብ ብላ አብሮኝ ለወረደው ሾፌር አንድ ነገር አለችው።

«‹ይህች ልጅ ወንዝ እያለላት ለምን አፈር ትቀባለች?› ትላለች» አለኝ።

ሳቅ ብዬ ወደ መኪናው አመራሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ከተፈቀደው አላለፈም፤ ፈርሜ አሳለፍኩ። ሾፌሩ ቢሮዬ ገባ። «አሮጊቷ ሰው ልካ ትጠይቃለች። ውሃው ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?» ምሳዬን እየበላሁ ነበር።

«ንጹሕ ነው በላት።»

ቃሌ በዳጉ ወረደ፤ የመረመረችው ሴት ራሷ ተናገረች እየተባለ። እነሱ ዘንድ እንደዚህ ያለ ቃል አይጠረጠርም። አሮጊቷ ፍየሎቿን ወደ ወንዙ መለሰች።

ፍየሎቹ ካለቁ በኋላ በፋብሪካው ላይ አቤቱታ ቀርቦ አዋሽ ከተማ አዳራሽ ተሰበሰብን። ኃላፊው ወረቀቴን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ፊርማው የማን ነው? የራሳቸው ባለሙያ! ፍየሎቹ እንግዲህ ጫት ሲቅሙ አምሽተው ይሆናል።» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አሮጊቷ አማርኛ አትሰማም። ሰው ሁሉ ሲስቅ አይታ እሷም ሳቀች።

ቀጥላ ተነሥታ ተናገረች፤ ሾፌሩ ተረጎመ። «‹ይህች ልጅ ያን ቀን ወንዙን ትታ ፊቷን በአፈር አበሰች። ለእሷ ፊት ያልሆነ ውሃ ለፍየሎቼ እንዴት ሆነ?› ትላለች።»

ሰብሳቢው ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ውሃው ድረስ መውረድ ፈርቼ ነው» አልኩ።

በሶላቴ ዋሸሁ። ሾፌሩ ውሸቴን ቃል በቃል ተረጎመላት። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አመነችኝ። አቤቱታው ማስረጃ የለውም ተብሎ ተዘጋ።

አሁን አሮጊቷ አስፋልት ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ከሰል ትሸጣለች። ቱቦው ዛሬም ይፈሳል። የኛን ሾፌር ጠዋት ጠዋት «ምን ወሬ አለ?» ስለው «ደህና» ብሎ መስታወቱን ይወለውላል። ቀድሞ የሎጊያን ወሬ አንድ ሳያስቀር ነበር የሚነግረኝ።

ፊርማዬ እንዲሻር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ስለዚያ ቱቦም፣ ስለዋሸሁትም ጽፌበታለሁ። የመጣልኝ መልስ «ከአንቺ ሌላ ያየ ሰው አለ?» የሚል ነው። አሉ እንጂ! ዘበኛው፣ እሾሁን የመነጠራችሁት ሦስታችሁ፣ አንተም ሾፌሬ፣ ወንድሜ፣ ቱቦውን አይታችኋል። ስለ አላህ ብላችሁ መጥታችሁ ተናገሩ። እኔን ለማዳን ብላችሁ አንዲት ቃል አትቀንሱ። ከቱቦው በፊት እንዲያውም ፊቴን በአፈር ሳብስ ያያችሁትን አስቀድሙ።