ሲበሉ እይ

ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ቡሬ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ በተከፈተ በር አየኋት፤ ሥራ የፈታ ዓይን አያርፍምና። ስሟን አላወቅሁም፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏት። ነጩ ጋወኗ በእጥበት ብዛት ሳስቷል። ከሥሩ የለበሰችው ቀሚስ ግን ጥቁር ነው፤ ሻሿም ጥቁር።

ከየቀበሌው ለመጡ ጤና ረዳቶች ለስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚሰጥ ታስተምራለች። እነሱ ብርቱካን ላይ ውሃ እየወጉ ይለማመዳሉ፤ እሷ እየዞረች መርፌ የያዘውን እጅ በእጇ ትደግፋለች። አትቆጣም።

የተቆጣችው አንዴ ብቻ ነው። ወንዳወቅ የሚሉት ሠልጣኝ ብርቱካኑን እንደ ሕመምተኛ ቆጥሮ፣ "እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?" አለና ሊወጋ ሲል እጁን ያዘችው።

"አትጠይቅ! ሲበሉ እይ።"

"በልቻለሁ ካሉኝስ፣ ሲስተር?"

"ጿሚ ጾሙን ይደብቃል እንጂ ያወራል? በልቻለሁ ነው የሚሉህ። በባዶ ሆዳቸው ከወጋሃቸው ስኳራቸው ይወርድና እጅህ ላይ ይቀራሉ።"

ከጋወኗ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አውጥታ ብርቱካኑ አጠገብ አስቀመጠች።

"መጀመሪያ ይኸን ጎርሰው ይዋጡ። አንተ ቆመህ ጠብቅ።"

ወንዳወቅ ዳቦውን አየና ፈገግ አለ። "ኧረ ሲስተር! እግዜርን የሚፈሩ እናት ይዋሻሉ እንዴ?"

መርፌውን ከእጁ ተቀበለችና ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችበት።

"እናቴ የዋሸችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው" አለች።