አሮጌውን ያሳየን ስክሪን

ባለፈው ሳምንት ለልጄ አዲስ ስልክ ተገዛላት። ይህ ስልክ ሲዘጋም ሰዓቱን ከጥቁሩ መስታወት ላይ አያጠፋም። ራት እየበላን ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል «እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ እያሳየ ባትሪው እንዴት አያልቅም?» አለችኝ።

«ያልተቀየረውን ደጋግሞ ስለማይስል ነዋ» አልኳት።

«ሲቀየርስ በምን ያውቃል?»

የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ ወልቂጤ ላይ ጠይቄው ነበር። የመለሰልኝ ሸምሱ ነው።

መብራት በፈረቃ የነበረበት ዘመን ነበር። ዛሬ የእኛ ሰፈር ይበራል፣ ነገ የማዶው፤ ሰው ልብሱን የሚተኩሰው ተራውን ጠብቆ ነው። ከአዲስ አበባ በኮምፒዩተር ትምህርት ተመርቄ ወላጆቼ ጋ ተመለስኩና መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ተቀጠርኩ። ላፕቶፖቻችን ውጭ አገር ተሠርቶባቸው የተጣሉ አሮጌዎች ናቸው። ባትሪያቸው ደክሟል። መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ሳይጋመስ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ከገጠር በእግራቸው የመጡ ተማሪዎችም ደብተራቸውን አጥፈው ይሄዳሉ። ይህን አይቶ መታገሥ ያቃተው ሸምሱ ነበር። አብሮኝ የሚያስተምር፣ ከቡታጅራ ወዲያ ከመስቃን ገጠር የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። እጅጌው ሁልጊዜ እንደተሰበሰበ፣ ጣቱም ጠመኔ እንደነካው ነው።

«ስክሪን ሞኝ ነው» ይል ነበር። «ምንም ሳይቀየር ያንኑ ሥዕል በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ከሜሞሪ እያነበበ ይስለዋል። ባትሪያችንን የበላው ይሄ ነው። እናቴ የቀበረችውን ቆጮ ደረሰ አልደረሰ እያለች በየሰዓቱ ጉድጓዱን ብትከፍት ምን እንበላ ነበር?»

«ሲቀየርስ በምን ያውቃል?» አልኩት።

«የሚጽፈው ይነግረዋላ! አስቀድሞ ‹ነካሁት› ይበል። ያን ጊዜ ይነሣና ይሥላል፤ የሚነግረው ከሌለ ይተኛ።»

ሥራችን ይኸው ነበር። ስክሪኑን የሚያዝዘው ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ በፍላሽ አስመጥተን እየበታተንን እንጠግነው ጀመር። የነካነው ሁሉ ይበላሽ ነበር። ከረምንበት።

ስንከርም ደግሞ ተዋደድን። እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ ከአንድ ገበታ ስለማንበላ ምሳችን ዓመቱን ሙሉ ጎመን በቆጮ፣ ሽሮ፣ ምስር ነበር። በዚያ ዓመት ከመነኩሴ በላይ ጾሜአለሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳም ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

እኔ ለቤተሰቦቼ ነገርኩ። እናቴ አኮረፈች፣ ከዚያም ለቀቃት። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከወሎ መጥቶ ወልቂጤ የቀረ ሰው ነው፤ ሳቀ። «እኛ አገር አክስቴ ዘሃራ፣ ወንድሟ ገብረ ማርያም። ማንም ሞቶ አላየሁም። ሽማግሌ ይላክና እናያለን» አለ። ለሸምሱ ይህን ስነግረው ፊቱ በራ።

«በአረፋ ለእናቴ እነግራታለሁ» አለኝ። «አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ የሚገባው በአረፋ ነው። የተጣላ የሚታረቀውም፣ ጋብቻ የሚነሣውም ያኔ ነው። እነግራታለሁ፣ መሲ።»

እሱ ሊሄድ ባለበት ሰሞን ድራይቨራችን አንድ ክፉ አመል አወጣ። አንድ ተማሪ ስሙን ይጽፋል፣ ስክሪኑ ላይ የለም። ደግሞ ይጽፋል፣ የለም። ተናዶ ማውሱን ሲገፋው ስሙ ሁለት ጊዜ ተደርድሮ ብቅ ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ስክሪኑ ተኝቶ አሮጌውን እያሳየ ነበር ማለት ነው። ከየት በኩል ነው ያልተነገረው? ሸምሱ ይህን ጥያቄ ለእኔ ትቶልኝ ለአረፋ ወደ አገሩ ገባ።

ከበዓሉ ሲመለስ አንድ ፔስታል ዛላ በርበሬና በሣህን የተከደነ አተካና አመጣልኝ፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ወዝቶ የሚያብረቀርቅ። እየበላሁ «ነገርካት?» አልኩት።

«እናቴ ትንሽ አሟት ነበር። አልተመቸኝም። ሌላ ጊዜ።»

እንደ ድሮው ፈገግ አለ፣ እንደ ድሮው እጅጌውን ሰበሰበ፣ ኮዱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ አገሩ ይሄድ ጀመር። «በርበሬ ለቀማ ነው፣ ሰው አጥተዋል» ይለኛል። የመስቃን በርበሬ በኅዳር እንደሚለቀም ስለማውቅ ምን እጠረጥራለሁ? እንዲያውም ለቤተሰቡ መድከሙን አይቼ የበለጠ ወደድኩት።

በአንዱ ቅዳሜ፣ ተራችን ሆኖ መብራት በርቶ፣ ብቻዬን ስፈትሽ ጥፋቱን አገኘሁት። ጮህኩ። የእሱ ስልክ እንደ ልማዱ አገር ቤት ሲገባ አይሠራም። ታዲያ እስከ ሰኞ ማን ይጠብቃል? በማግሥቱ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ እግረ መንገዴንም እናቱን ልተዋወቅ ብዬ፣ ወደ ቡታጅራ ተሳፈርኩ። ከእምድብር አልፈን ወደ ዘቢዳር ተራራ ስንወጣ አቧራው ቀርቶ ጉም መጣ፤ ብርዱ ሰውን ሁሉ መስኮት አስዘጋ። በየደጁ የእንሰቱ ቅጠል ጠል ጠግቦ ያበራ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ከቡታጅራ በጋሪ ገጠር ገባሁ።

ግቢው በቀይ በርበሬ ተሸፍኗል። ሰሌን ላይ፣ ጆንያ ላይ፣ የጣሪያው ጫፍ ላይ ሳይቀር። አንዲት ሴትዮ ከበርበሬው ቀና አሉ።

«የሸምሱ የሥራ ጓደኛ ነኝ፣ ከወልቂጤ።»

«አልሐምዱሊላህ! ሁልጊዜ የሚያወራልን አስተማሪ አንቺ ነሽ? ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እሱ ገበያ ነው፣ አሁን ይመጣል።» ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። «ነዒማ! ውሃ አምጪ፣ የባልሽ እንግዳ መጥታለች!»

ነዒማ ወጣች። ከእኔ ታንሳለች፣ ቆንጆ ናት፣ ታፍራለች። ለብ ያለ ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። የእጇ ሂና ገና አልለቀቀም ነበር። ሂናውን እያየሁ፣ የታጠብኩትን እጅ መልሼ ስታጠብ እሷም ታፈስልኛለች።

«በአረፋ ነው የዳርነው» አሉ እናቱ። «አልነገረሽም? ይሄ ልጅ አፉ ከባድ ነው።»

ያኔ እንባዬ መጣ። ልመልሰው ብል አልመለስ አለ። ሴትዮዋ ደንግጠው በሻሻቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «በርበሬው ነው ልጄ። የለመድነውን እንኳ ያስለቅሰናል» አሉ። እኔም በርበሬው ነው አልኩ።

ሸምሱ ጆንያ ተሸክሞ ከገበያ ሲመለስ በር ላይ ሆኖ አየኝ። ስለ ነዒማ አላነሣሁበትም። ስለ ኮዱ አወራሁ።

«አገኘሁት» አልኩት፣ ላፕቶፑን ከፍቼ። «ሜሞሪውን አንዴ ከተረከበ በኋላ ለድራይቨሩ ሳይናገር በቀጥታ የሚጽፍ ፕሮግራም አለ። አንዴ ስለተፈቀደለት ማንም አይጠይቀውም።»

ጆንያውን አወረደ። ስክሪኑን እያየ «መድኃኒቱስ?» አለ።

«ፈቃዱን መንጠቅ። ሊጽፍ በፈለገ ቁጥር እንደ አዲስ ያስፈቅድ።»

እናቱና ነዒማ ቁም ነገር ነው ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቆጮና አይብ ቀረበ፤ በላሁ። ያልበላሁ እንደሆነ ሴትዮዋ የሚከፋቸው መሰለኝ።

ጋሪው ድረስ ሸኘኝ። «አጎቴ ለነዒማ አባት ቃል ሰጥቶ ነው የጠበቀኝ» አለ። «ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ምን ልበል?»

«እነሱንስ እሺ። ለእኔ ግን ለምን አልነገርከኝም?»

«በየቀኑ ልነግርሽ እመጣለሁ። ስታዪኝ ትስቂያለሽ። አቃተኝ።»

ማታ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ስክሪኑ ምን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበርና «ጥፋቱን አገኘሽው?» አለኝ። «አገኘሁት፣ አባዬ» ብዬ ደረቱ ላይ ወደቅሁ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ድራይቨሩን ብቻዬን ጨረስኩት። ላፕቶፖቹም ያለ መብራት ትምህርቱን እስከ መጨረሻ ይዘልቁ ጀመር፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። ሸምሱ ግን ሥራውን ለቆ ቡታጅራ ገብቶ ነበርና ያንን አላየም።

ልጄ መልስ እየጠበቀች ነው። «የሚጽፈው ይነግረዋል» አልኳት።

«ባይነግረውስ?»

«አሮጌውን እያሳየ ይቀመጣል። አንድ ሰው እስኪነካው።»

ሳቀችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ሣህኖቹን አነሣሁ። ሸምሱ አሁን የልጆች አባት ነው፣ ራሱም ሸብቷል ይላሉ። አንድ የሚያውቀን ሰው በቀደም ፎቶውን ሊያሳየኝ ስልኩን አውጥቶ ነበር፤ ይቅር አልኩት። እኔ ዘንድ ሸምሱ እስከ ዛሬ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጠመኔ በነካው ጣቱ ስክሪኑን እየጠቆመ፣ በአረፋ እነግራታለሁ ይለኛል።