ሽሪምፕ ከነጭንቅላቱ

ከተማውን ያስለቀቀው ተኩስ ካለፈ በኋላ ባለው ዓመት፣ ከአገሬ ርቄ፣ አትላባራ በሚባል ሰፈር ያለች ትንሽ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤቱን ይዤ ነበር። ከቀሩን ጥቂት እንግዶች አንዱ ፊሊፒናዊ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ወባው ለቆት ትኩሳቱ ቢበርድም፣ እህል አልቀምስ አለ። አጥሚቱም ሾርባውም እንደሄደ ይመለሳል። ሸሚዙ በየቀኑ ሲሰፋው እያየሁ ፈራሁለት።

አንድ ቀን ጓደኛው ከሞምባሳ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ላከለት። ይህን ከሠራሽልኝ እበላለሁ አለ።

እኛ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አንበላም፤ ስለዚህ መቅመስ አልችልም። ያሳደጉኝ ሴቶች ግን በጾም ቀን ሳይቀምሱ፣ በማሽተት ብቻ ጨው የሚመጥኑ ናቸውና አልሰጋሁም። ይልቅ ጉጉቱ ገደለኝ። የሽሪምፑን ጺም ጎተትኩ፣ ዓይኑን በጣቴ ነካሁት። ከዚያ እንደ ዶሮ አደረግሁት፤ ጭንቅላቱን ቆርጬ፣ ልጣጩን ገፍፌ፣ ውኃው እስኪጠራ በሎሚና በጨው አጠብኩት። በነጭ ሽንኩርት ጠብሼ ላክሁለት።

አስተናጋጇ የዚያው አገር ልጅ፣ ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ጋምቤላ ስደተኛ ጣቢያ አድጋ የተመለሰች። ሳህኑን እንዳለ ይዛው መጣች።

«ማሊሽ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ጭንቅላቱስ ይላል። ልጣጩስ ይላል።»

«ለድመቷ ነዋ! ሰው ልጣጭ ይበላል እንዴ?» ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ አጥቤ!

«ጣዕሙ እሱ ላይ ነው ይላል።»

እልህ ያዘኝ። ለድመቷ ያስቀመጥኩትን አንሥቼ አለቀለቅሁና፣ ጭንቅላቱን ከነጺሙ፣ ልጣጩን ከነእግሩ፣ ኩርሽም እስኪል በዘይት ጠበስኩት። ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ሽታው ሲያውደኝ ምራቄ መጣ፤ አፈርኩ። ሲበላው ለማየት ራሴ ይዤው ወጣሁ።

አንዱን ጭንቅላት አንሥቶ መጠጠው። ልጣጩን ቆረጣጠመው። ከዚያ ሩዝ ጠየቀ። አስተናጋጇም አንድ አንሥታ፣ «ቆሎ ነው እኮ እትዬ፣ አንቺ አሽትቺው ብቻ» ብላ ሳቀችብኝ።

ትልቁን ጭንቅላት ግን ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር። ከመታመሙ በፊት ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ስለነበር ጉርሻ ለምዷል። ሊያጎርሰኝ ወደ አፌ ዘረጋልኝ። ጨነቀኝ። ጉርሻ አይመለስም፤ ይህ ደግሞ አፌ አይገባም። ከእጁ ተቀበልኩና መልሼ እሱኑ አጎረስኩት። እየሳቀ አፉን ከፈተልኝ።

ጣዕሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በጥርሱ መሐል ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ግን፣ ይኼ ሰው ተርፏል አልኩ።