የጋሼ ውሃልክ ሁለት ጆንያ አሸዋ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ወለል ሴራሚክ ሲያነጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ውሃልክ» ነው የሚላቸው፤ ያቺ በውስጧ አረፋ የምትንሸራተት መለኪያ ከኮታቸው ኪስ ወጥታ አታድርምና። ሰው ቤት ሲጋበዙ ገና ሳይቀመጡ ጠረጴዛውን ይለኩታል። ይህ አመላቸው አንጀቴን ሲያሳርረው ነው የኖረው። አሁን ግን በሳቸው የመጣ በእኔ መጣ።

ባለፈው ዓመት ሐኪም ጉልበታቸውን አይቶ «ከእንግዲህ መንበርከክ የለም» አላቸው። ንጣፍ ሠራተኛ ሳይንበረከክ ምን ሊሠራ? ሥራቸውን ተዉና እኛ ዘንድ ሻይ እየጠጡ መዋል ጀመሩ።

እኛ ዘንድ ማለቴ አራት ሴቶች የምንሠራበት ወርክሾፕ ነው፤ የድሮ መጋዘን፣ ወለሉ ጣውላ። ገበሬ የጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳና ገለባ እንፈጫለን፣ እንቀቅላለን፣ እናጠልላለን፤ ከስታርችና ከግሊሰሪን ጋር አሙቀን መስታወት ላይ እናፈሰዋለን። ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይላቀቃል። ምግብ ይጠቀለልበታል፣ ሲጣል አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እንደ ፌስታል ለልጅ ልጅ ውርስ ሆኖ አይቀርም።

ችግራችን አንድ ነበር፤ መጠቅለያው ይቀደዳል፣ ያውም ሁልጊዜ በቀኝ ጠርዙ። የፍራፍሬና አትክልት አከፋፋይዋ ሁለት ጊዜ ቲማቲም ጠቅልላበት ሁለቴም ተበጣጠሰባት። «ዓርብ መጥቼ እወስዳለሁ፤ ያም ከተቀደደ ወደ ፌስታሌ እመለሳለሁ» አለችን። ከእሷ ሌላ ደንበኛ የለንም። እሷ ከሄደች በሩን ቆልፈን ወደየቤታችን ነበር።

ኬሚስታችን ገና ከትምህርት የወጣች ልጅ ናት፤ ቅመማውን ስትቀያይር ከረመች። ግሊሰሪን ጨመረች፣ ስታርች ቀነሰች፤ ቀዳዳው ግን ወይ ፍንክች። እኔ ደግሞ ልጅቷን ስነዘንዛት ከረምኩ። ማፍሰሱ የኔ ሥራ ነው፤ ከጠረጴዛው በስተግራ ቆሜ አፈሳለሁ፣ እስኪረጋም ንቅንቅ አልልም። «እኔ ሥራዬን አውቃለሁ፤ አንቺ ቅመማሽን አስተካክይ» እላታለሁ። ምስኪን፣ ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ጠረጴዛው ጋ መጡና እንደ አመላቸው መለኪያዋን መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች።

«አዩ ጋሼ፣ ጠረጴዛው ምንም አልሆነም» አልኩና ላፈስ ከቦታዬ ቆምኩ። ዓይኔ ድስቱ ላይ ስለነበር እሳቸው ምን እንዳዩ አላየሁም። ቀና ስል ግን ከጆሯቸው እርሳስ አውርደው መለኪያዋ ላይ ጭረት ሲያደርጉ ነበር። ቶሎ ብለው ኪሳቸው ከተቷት።

«ወለሉ ደክሟል። ነገ ማንም አይምጣ፣ እኔ አበጀዋለሁ» አሉ።

«በዚያ ጉልበት?»

«ጉልበቱ የኔ አይደል እንዴ?»

በማግስቱ አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። ጋሼ ውሃልክ ጠረጴዛው ስር ተንበርክከዋል፤ ጣውላውን ነቅለው ከስሩ ወፍራም መደገፊያ እንጨት ያስገባሉ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ ተቀምጧል።

«ደግሞ ይሄ አሸዋ ምን ሊሆን ነው? ቤቱን አቆሸሹት እኮ» ብዬ አጉረመረምኩባቸው።

«ወለሉ እንዲረጋ ነው፣ እህቴ» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

አመሻሽ ላይ ሲጨርሱ እኔና ባሌ ግራና ቀኝ ይዘን ነው ያነሣናቸው። ሲነሡ ያቃሰቱት ማቃሰት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሐሙስ አፈሰስን፣ ዓርብ አከፋፋይዋ ወሰደች። ቅዳሜና እሑድ እህል በአፌ አልዞረም። ሰኞ ጠዋት አንዱን ጥቅል ይዛ መጣች። ጎተተችው፣ በጥፍሯ ጫረችው፣ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። ከዚያ ቁጭ ብላ የወር ትእዛዝ ሰጠችን። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ አሸዋውን ልናስወጣ ስንል ጆንያዎቹ ከበዱንና በሩ አጠገብ ያለው የቆረቆንዳ ሚዛን ላይ አሳረፍናቸው። ሰማንያ ስድስት ኪሎ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ሰው እየሰማ የተነገረኝ ቁጥር ነው።

ኩምሽሽ አልኩ። ለካ ሰውዬው አረፋዋ እርሳስ የጫሩባት ቦታ እስክትደርስ ድረስ ነው ጆንያው ላይ አሸዋ ሲጨምሩ የነበሩት። እኔ ስቆም ወለሉ ሰምጦ ጠረጴዛው ወደ ግራ ያጋድላል፤ መጠቅለያው በግራ ወፍሮ በቀኝ ሲሳሳ የከረመው በኔው ነው። አሸዋውን በኔ ቦታ አቁመው ነው፣ ጠረጴዛው እስኪስተካከል ወለሉን የደገፉት። ልጅቷን አቀፍኳትና «ይቅር በይኝ፣ ቅመማሽ ምንም አልነበረበትም» አልኳት።

ጋሼን ቤታቸው ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«መወፈሬን ነዋ።»

«ወለል እኮ የሚሠራው ሰው ሊቆምበት ነው» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

«አንቺ ዞር በይ፣ ቀጭኗ ታፍስ» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ማክሰኞ ባለቀ ነበር። እኔም በባልደረቦቼ ፊት የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ላለመናገር ነው ቀኑን ሙሉ በዚያ ጉልበት የተንበረከኩት።