እንደ ማር የተባለው ዘይት

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ ስነዳ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። በደህናው የግራ እጁ ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ንግግር ከብዶታል፤ ቀኝ ጎኑም አይታዘዝለትም። ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችልም። በስልክ የሚጠራውን ታክሲ አንድ ቀን ሞክረን ነበር። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ አባቴ እግሩን አንስቶ እስኪያስገባ ድረስ ሰዓቱን ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ አባቴ እምቢ አለ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ቅዳሜን ይጠብቃል። እኔ ከመወለዴ በፊት በገዛት መኪና፣ ሠላሳ ዓመት ወደ ሥራ የተመላለሰበትን መንገድ አንድ ዙር አዙሬ አሳየዋለሁ። መኪናዋ ከቆመች እሱም ከቤት አይወጣም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳልነካ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ውኃ ድፊባትና ንጂ፣ በቃ፣ አለኝ። ፈገግ አልኩለት፤ ለማላውቀው ሰው መልስ መስጠት ይከብደኛል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንደማይደፋ ግን አንብቤአለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ውኃው ጎድሎ አገኘው ነበር፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ አላየሁም።

ሲበርድ ውኃ ሞልቼ ቀስ እያልኩ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ነዳሁ። ከአባቴ ጓደኛ በቀር ያችን መኪና የነካት መካኒክ የለም። የእሳቸው ጋራዥ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። አሁን ቀድሞ ሠራተኛቸው የነበረ ሰው በከፈተው ጋራዥ ጥግ፣ በአክብሮት የተለቀቀችላቸው የአንድ መኪና ቦታ አለቻቸው።

አባቴን ሲያዩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

"መኪናዋንም እንዳንተው ግፊት ያዛት?" አሉት።

አባቴ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ አንቺ ባለ ዲግሪ፣ ነይ መብራት ያዢልኝ አሉኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ሞተሩ ወለል ብሎ ይታያል። ግራ እየገባኝ የስልኬን መብራት ያዝኩላቸው። ውኃው እንደሚጎድል ቀስ ብዬ ብነግራቸው፣ አርጅታለች፣ ይጠማታል፣ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሁሉንም በእጃቸው ነበር የሚያውቁት። ሁለቱን የራዲያተር ጎማዎች ጨብጠው፣ የላዩ ሲያቃጥል የታችኛው ቀዝቃዛ መሆኑን ለዩ፤ ውኃውን የሚያሳልፈው ቴርሞስታት አልከፈትም ብሎ ነው አሉ። ፈትተው አወጡትና በምትኩ ምንም አልገጠሙም፤ ለዚህ አገር አየር አያስፈልግም ብለው። ብዙ መካኒክ እንዲህ ያደርጋል። ውኃ ሞልተው ሞተሩን አስነሱ፤ የቬንቲላተሩን ንፋስ በመዳፋቸው ለኩ። ከዚያ አጥፍተው የዘይት መለኪያውን ብረት መዘዙ።

ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ የሞተሩን ራስ ከሞተሩ ጋር የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። የሁለት ሳምንቱ ውኃ የት እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ። ወዲያው ተፈትቶ ቢቀየር ሞተሩ ይድን ይሆናል። እንዲሁ ከተነዳ ግን ያልቅለታል።

እሳቸው ብረቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ መልሰው አራቁት።

ከወዲያ የቆመ አንድ መካኒክ፣ "ጋሼ፣ መነጽር እናምጣ እንዴ?" አለ።

"ለራስህ አምጣ፤ የሞተር ቺንጋ ገልብጠህ የምትገጥም" አሉት። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ።

ያየሁትን ብናገር የመነጽሩ ነገር ቀልድ መሆኑ ይቀር ነበር። ብረቱን ይዘው ወደ አባቴ ሄዱና በተከፈተው በር በኩል አሳዩት።

"አየህ? እንደ ማር ነው።"

አባቴ ዘይቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ የጓደኛውን ፊት አየ። ከንፈሩ ቃሉን ፍለጋ ብዙ ለፋ።

"እንደ... ማር" አለ።

ብረቱን በጨርቃቸው ጠርገው መለሱት። እኔ ከጋራዡ ወጥቼ፣ እሳቸው ከማያዩኝ ቦታ ቆሜ መኪና ጎታች ልጠራ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን የኋላውን በር ከፍተው ገቡ፤ ታሞ የመጣን ጓደኛ ሳልሸኝማ አልቀርም አሉ። እስከ ኦሎምፒያ የድሮ ጨዋታቸውን ሲያወሩ አባቴ በመስታወቱ ያያቸው ነበር። ኦሎምፒያ ሲወርዱ ተነፈስኩ። ወደ ጋራዡ ይመለሳሉ ስል መንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡ ጀመር። ዓይናቸው የት ድረስ እንደሚያይ አላውቅም። እስክንታጠፍ ነዳሁ።

ልቆም ስል ሞተሩ ብረት በብረት እንደሚፈጭ ጮኸና ቀጥ አለ። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ንቅንቅ አልል አለ። መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዙን። ይቅርታ ልለው ወደ እሱ ዞርኩ።

"አትንገሪው" አለኝ አባቴ።

መኪናዋን ጎረቤት በገመድ ጎትቶ ግቢያችን አስገባት። ለአባቴ በስልኬ ታክሲ ጠራሁ። እምቢ አላለም፤ ሹፌሩ እግሩን አንስቶ ሲያስገባለት አባቴ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር።

በነጋታው እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ነበሩ። ሙቀቷ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ግቢው ውስጥ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። ነገ እዚያ ጥግ ቆሞ በእሳቸው እጅ የሚታየው የሌላ ሰው መኪና መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ሊነግራቸው እንደሚገባም አውቃለሁ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው፤ አባቴ ነቅቷል።

"ደህና ናት ጋሼ፤ አልሞቀችም" አልኳቸው።

አመሰገኑኝ፤ አባትሽን ሰላም በይልኝ፣ ቅዳሜም በደህና ዙሩ አሉ። ስልኩን ዘግቼ የፊተኛውን በር ከፈትኩ። አባቴ ወገቡን የሚያስደግፍበትን ትራስ ከወንበሩ ላይ አንስቼ ወደ ቤት አስገባሁት።